የፍራንሲስ ቤከን ኤሪንየሶች፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ፍራንሲስ ቤከንን (1909–1992) የግሪክ አፈ ታሪክ ከመራቸው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያውያን ሠዓሊዎች ዋነኛው ብለነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አጣምረን እንመልሳለን። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የቤከንን ሥዕሎች በመጽሐፍ አገላብጬ አይቻለሁ። አንድም ቤተ መቅደስ፣ ጦር የያዘ ጀግና ወይም አምላክ አላገኘሁም። ያየሁት ባዶ ክፍል፣ አልጋ፣ አምፖልና አካላቸው የተጣመመ ሰዎችን ነው። ታዲያ ከአፈ ታሪኩ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ በዋናነት ያገናኘው ኦሬስቲያ ነው። ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ለአቴንስ ተመልካች ያቀረባቸው ሦስት ተያያዥ ተውኔቶች በዚህ ስም ይጠራሉ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ሲዘምት ነፋስ እንዲነፍስለት ልጁን ኢፊጌንያን ሠውቷል። ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ገላውን ሲታጠብ ገደለችው። ልጃቸው ኦሬስቴስ ደግሞ በአምላኩ በአፖሎ ትእዛዝ የአባቱን ደም ለመመለስ እናቱን ገደለ። ኤሪንየሶች የሚነሡት ይህን ጊዜ ነው። የዘመዱን ደም ያፈሰሰ ሰው በሄደበት ሁሉ የሚከተሉ የበቀል አማልክት ናቸው። ኦሬስቴስን ከደልፊ እስከ አቴንስ ያሳድዱታል፤ እዚያ ችሎት ተሰይሞ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን የጥበብ አምላክ የሆነችው አቴና በድምፅዋ ነጻ ታወጣዋለች።

ከዚህ ታሪክ ሌላው ሠዓሊ ግድያውን ወይም ችሎቱን መርጦ ይሥል ነበር። ቤከን እነዚህን ትዕይንቶች አልሣላቸውም። እሱን የያዘው ተውኔቱ ሲነበብ ሰውነት ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው፤ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ በደል፣ በር ቢዘጋም የማይቀር ከሳሽ። ግሪክኛ አያውቅም ነበር፤ ኤስኪለስን ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው። በ1942 የታተመ፣ የአየርላንዱ ሊቅ ስታንፎርድ ስለ ኤስኪለስ አጻጻፍ ያዘጋጀው ጥናት እጁ ከገባ በኋላ ደጋግሞ ይጠቅሰው የነበረው አንድ ስንኝ አለ፤ ከኤሪንየሶቹ አንዷ ኦሬስቴስን ስታሸት የሰው ደም ሽታ ፈገግ እንደሚልላት የምትናገርበት። ከዚያም በፊት፣ በ1939፣ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ኤሪንየሶቹን ወደ አንድ የእንግሊዝ ባላባት ቤት አምጥቶ የጻፈውን ተውኔት ለንደን ውስጥ አይቷል። አማልክቱ ያለ ግሪክ ልብስ፣ በዘመኑ ሳሎን መስኮት ሊታዩ እንደሚችሉ ያየው በዚያ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና ሲያገላብጡ በሮቹን ይመልከቱ። የበሩን ጥላ፣ የክፍሉን ጥግ፣ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ስም የለሽ ቅርጽ ይፈልጉ። ኤሪንየሶቹ የሚቆሙት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በለንደኑ ቴት ሙዚየም የሚገኙት የቤከን ሦስት ፍጥረታት የክርስቶስን ስቅለት የሚመለከቱ ናቸው ወይስ ኤሪንየሶች? ርእሱ ስቅለት ይላል። ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጂ አይቻለሁ፤ የትኛው ነው ዋናው?

መልስ፦ ሁለቱም ዋና ናቸው፤ ሁለቱም የቴት ንብረት ናቸው። የመጀመሪያው በ1944 ገደማ የተሣለው ነው። ሦስት ሰሌዳዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 94 በ74 ሴንቲ ሜትር ያህላሉ። ርእሱ በስቅለት ግርጌ ላሉ ምስሎች የተደረጉ ሦስት ጥናቶች የሚል ነው። ቤከን በ1959 ለቴት በጻፈው ደብዳቤ ኤሪንየሶቹን እያሰበ የሠራቸው ንድፎች መሆናቸውን፣ በአንድ ትልቅ የስቅለት ሥዕል ግርጌ ሊያደርጋቸው አስቦ እንደነበር ገልጿል። ያ ትልቅ ሥዕል ሳይሠራ ቀረ። በስቅለት ሥዕል ግርጌ ማርያምና ዮሐንስ የሚቆሙበትን ቦታ ለግሪክ የበቀል አማልክት ሰጥቶታል ማለት ነው። ሐዘንተኞቹ በነበሩበት ስፍራ ከሳሾቹን አቆመ።

ሲያዩአቸው ዓይናቸውን ይፈልጉ። በግራ ያለችው ትከሻዋ ላይ ጨርቅ ጥላ፣ ጥቁር ጸጉሯ ወደ ፊት ወርዶ፣ ጎንበስ ብላለች፤ ፊቷ አይታይም። የመካከለኛዋ አንገት ረዝሞ ጥርስ ያገጠጠ አፍ ላይ ያበቃል፤ ከአፉ በላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የጨርቁ ሐሳብ የመጣው ጀርመናዊው ግሩነቫልድ ክርስቶስ ዓይኑን ታስሮ ሲዘበትበት ከሣለው ሥዕል ነው። በቀኝ ያለችው በጥቂት ሣር ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ የሚለየው የተከፈተ አፍና ጆሮ ብቻ ነው። ሦስቱም የሚያይ ዓይን የላቸውም። በኤስኪለስ ተውኔት ኤሪንየሶቹ ኦሬስቴስን የሚከተሉት እንደ አዳኝ ውሻ የደሙን ጠብታ እያሸተቱ ስለሆነ ዓይን አያስፈልጋቸውም። የዚህ ሥዕል ኃይል በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ የሚያፈጥበት ፊት አጥቶ ሳለ ፍጥረቶቹ ግን እሱ የት እንዳለ ያውቃሉ።

ሥዕሉ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለንደን በሚገኘው ሌፌቭር ጋለሪ ነው። በ1953 የቤከን ደጋፊ የነበረው ኤሪክ ሆል ለቴት ሰጠው።

ሁለተኛው ቅጂ በ1988 የተሣለ ነው። እዚህ ላይ መሠረቱ ሸራ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 198 በ147.5 ሴንቲ ሜትር ይለካል። የ1944ቱ ጀርባ የሚያቃጥል ብርቱካናማ ሲሆን የ1988ቱ ጥልቅ የደም ቀይ ነው። ፍጥረቶቹ ከክፍሉ ስፋት አንጻር አነስ ብለዋል፣ ቀለሙም ለስልሷል። ቤከን ራሱ በ1991 ለቴት ሰጠው። መጽሐፍ ላይ ሁለቱ በአንድ መጠን ስለሚታተሙ ይምታታሉ፤ መለያው የጀርባው ቀለም ነው። ከሁለቱ የቀደመውን እናስበልጣለን። የሰሌዳው ሻካራነትና የእጁ ችኮላ ለፍጥረቶቹ የሚሰጣቸው ጭካኔ በሁለተኛው ላይ ተስተካክሎ ተለዝቧል።

ጥያቄ፦ ሥዕል እማራለሁ። ቤከን ፕራይመር (ከቀለም በፊት ሸራ ላይ የሚቀባ መሠረት) በሌለው የሸራ ጀርባ ላይ እንደሚሥል አንብቤ ሞከርኩት። በእያንዳንዱ የዘይት ቀለም ዙሪያ ቢጫ የቅባት ክብ ወጣብኝ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ስስ ያደረግኳቸው ቦታዎች በጣት ሲነኩ እየተፈረፈሩ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ መነሻ አላቸው። ክቡ የመጣው ዘይት ስለበዛ ነው፤ መፈርፈሩ የመጣው ዘይት ስላነሰ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የተጠቀሙበትን ጨርቅ እንይ።

ቤከን በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞንቴ ካርሎ ይኖር ነበር። እንደ ራሱ አነጋገር በቁማር ገንዘቡን ሲጨርስና አዲስ ሸራ መግዣ ሲያጣ የተሣለባቸውን አሮጌ ሸራዎች ገልብጦ በጀርባቸው ሣለ፤ ውጤቱን ስለወደደው ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ቀጠለ። ልብ ይበሉ፤ የሚገለብጠው ፋብሪካ በአንድ ገጽ ፕራይመር የቀባው የተልባ እግር ጨርቅ ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ከፕራይመሩ በፊት ሙጫ ይጠጣል፤ ሙጫው በከፊል ወደ ጀርባው ያልፋል። ጥሬ መስሎ የሚታየው ገጽ ፈጽሞ ጥሬ አይደለም። ምንም ያልተቀባ ጨርቅ ገዝተው ከሆነ ዘይቱን የሚያግደው ነገር የለም፤ እንደ ወረቀት ይመጠዋል። ውሎ አድሮ ደግሞ የከፋ ነገር ይመጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ የጨርቁን ክር ያሳጥረዋል፣ ሸራው ደርቆ የሚሰበር ይሆናል። ለአንድ ልምምድ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ እንዲቆይ ለሚፈልጉት ሥዕል ግን አይሆንም።

እንደገና ሲሞክሩ በ60 በ50 ሴንቲ ሜትር መወጠሪያ ይጀምሩ። በአንድ ገጽ ፕራይመር የተቀባ፣ መካከለኛ ሽመና ያለው የተልባ እግር ሸራ ይግዙ፤ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ። የተቀባውን ገጽ ወደ እንጨቱ አዙረው ከአራቱም ጎኖች መካከል ጀምረው ወደ ማዕዘን እየሄዱ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ስቴፕል እየመቱ ይወጥሩ። የተቀባው ገጽ ስለሚደርቅ እጥፋቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሸራውን አስቀድመው ሙቀት ባለበት ያሳድሩት።

ከዚያ ዳር ላይ አንዲት ጠብታ የተልባ ዘይት አድርገው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ጠብታዋ ብዙም ካልሰፋች ሸራው ደኅና ነው። ከሰፋች ወይም በወዲያኛው ገጽ ከታየች ቀለም ከመንካትዎ በፊት ሙጫ ያስፈልጋል። የጥንቸል ቆዳ ሙጫ ካገኙ 60 ግራሙን በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁት። ከፈላ ኃይሉን ያጣል። አንድ ጊዜ በሰፊ ብሩሽ በስሱ ይቀቡት፤ የጨርቁ ቀለም ሳይለወጥ ቀዳዳው ይዘጋል። ሁለተኛ ዙር አይጨምሩ፤ ቤከን የፈለገው ቀለሙን የሚነክስ ሻካራነት ይጠፋል።

አሁን ወደ ክቡ። ከቱቦ የወጣ ቀለም ለተቀባ ሸራ የታሰበ ነውና ለዚህ ገጽ ዘይቱ ይበዛል። ቀለሙን በመምጠጫ ወረቀት ላይ ጨምቀው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ በላይ ካቆዩት ይደርቅና አይያዝም። ተጨማሪ የተልባ ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩበት። መፈርፈሩ ደግሞ ቀለም ማቅጠኛው ተርፐንታይን ሲበዛ የሚመጣ ነው። ተርፐንታይኑ ተንኖ ይሄዳል፣ የቀረችውን ጥቂት ዘይት ጨርቁ ይመጣታል፣ ዱቄቱ የሚይዘው አጥቶ ይቀራል። ለመጀመሪያው ንድፍ መስመር ስስ ቀለም ችግር የለበትም፤ ሰፊ ቦታ ግን በዚያ አይሙሉ። ሲደርቅ በጥጥ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ጥጡ ቀለም ካነሣ መያዣ አንሶታል።

የጀርባው ለጥ ያለ ሜዳ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤከን በኋለኞቹ ዓመታት አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን) ቀለም ይጠቀም ነበር፤ ያ ድፍን፣ የማያብረቀርቅ ብርቱካናማና ሮዝ የሚገኘው ከዚያ ነው። እርስዎም የሚያደርጉት ከሆነ አክሪሊክ በዘይት ላይ እንደማይያዝ ይወቁ፤ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል። ስለዚህ የሰውነቱን ቦታ በማስኪንግ ቴፕ ከልለው ሜዳውን ያስቀድሙ። በአጭር ጸጉር ሮለር ሁለት ወይም ሦስት ስስ ዙር ይበቃል። ውሃው የጥሬውን ጨርቅ መጠን ስለሚለውጥ መወጠሩ ሊላላ ወይም ሊጠብቅ ይችላል፤ አንድ ቀን ሙሉ ካላደረቁት ሰውነቱን አይጀምሩ።

ሰውነቱ ላይ ሲደርሱ የዚህ ሸራ ባሕርይ ይገለጣል። በተቀባ ሸራ ላይ የተሳሳተ ጭረት በጨርቅ ይጠረጋል። እዚህ ሲጠርጉት ቀለሙ ወደ ሽመናው ይገባል፤ ያረፈው አረፈ። ቤከን ይህን የወደደው ለዚሁ ነው። ቀለም በእጁ ይወረውር ነበር፤ በጨርቅ ይጎትተዋል፣ ሸንተረር ያለው ጨርቅ ቀለም አስነክቶ ፊቱ ላይ ይጫነዋል። አፍ ወይም ጉንጭ ከአንድ እንቅስቃሴ ይወለዳል፤ ካልሆነ ሸራው በሙሉ ይጣላል። ከሞቱ በኋላ በስቱዲዮው ወደ 100 የሚጠጉ በስለት የተቀደዱ ሸራዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ አንድ ፊት ለመሣል ሦስት ትንንሽ ሸራዎችን ባንድ ጊዜ ያዘጋጁ። ቤከን ለራስ ሥዕሎቹ 35.5 በ30.5 ሴንቲ ሜትር ይጠቀም ነበር፤ ለልምምድም መልካም መጠን ነው።

ፓስቴል (ጠመኔ መሰል ደረቅ ቀለም) ማከል ከፈለጉ ጥሬው ሽመና ላይ በደንብ ይነክሳል፤ የሚያብረቀርቅ ዘይት ላይ ግን ይንሸራተታል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ በራሱ ሊነድ እንደሚችልም አይርሱ፤ የተጠቀሙባቸውን ጨርቆች ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ውሃ ጨምረው ያስቀምጡ። መስኮቱም ክፍት ይሁን።

አሁን ያለው ሥዕልዎ ክቡ አይወገድለትም። የሚፈረፈረውን ቦታ ግን ጥቂት የተልባ ዘይት በተርፐንታይን አቅጥነው በለስላሳ ብሩሽ ቢያጠጡት ሊይዝ ይችላል፤ ጥላው ትንሽ እንደሚጠቁር ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቴት ሄጄ የቤከንን ሥዕል ሳይሆን የራሴን ፊት አየሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ የዘይት ሥዕል ለምን በመስታወት ይሸፈናል? ሙዚየሙ ነው ያደረገው?

መልስ፦ ያደረገው ሠዓሊው ነው። ቤከን ሥዕሎቹ ሁሉ በወርቅማ ፍሬምና በመስታወት እንዲታዩ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቅ ቫርኒሽ (የሚያብረቀርቅ መከላከያ ቅብ) ስለማይቀባና ጀርባውን ለጥ አድርጎ ስለሚሥል መስታወቱ ሥዕሉን አንድ እንደሚያደርገው፣ ተመልካቹንም በርቀት እንደሚይዘው ተናግሯል። ጥሬ ጨርቅ፣ ደብዛዛ ሜዳና ወፍራም ዘይት በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ብርሃኑን በየራሳቸው ይመልሳሉ፤ መስታወቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ገጽ ይሰጣቸዋል።

ለጥበቃም ይጠቅማል። ቫርኒሽ የሌለው ደብዛዛ ገጽ አቧራ ከያዘ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፤ ከታሸ ደግሞ የማይጠፋ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ያወጣል። ለማየት ጥቁር ልብስ ይልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። መጀመሪያ 3 ሜትር ያህል ርቀው ሦስቱን ክፍሎች በአንድነት ይዩ፤ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ቀርበው ጥቂት ወደ ጎን ይቁሙ፤ ጥሬው ጨርቅ የሚለየው ከጎን ሲታይ ነው።

የራስዎን ሥዕል በመስታወት ሊያደርጉ ካሰቡ ቢያንስ 6 ወር ያድርቁት። ቶሎ ከተከደነ ከዘይቱ የሚወጣው ቅባት በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭጋግ ይሠራል። በመስታወቱና በሸራው መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ፓስቴል ካለበት ፕላስቲክ አይጠቀሙ፤ በኤሌክትሪክ ኃይሉ ዱቄቱን ከሥዕሉ ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ኤዲፐስንም ሥሏል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፤ በ1983። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢንግር ኤዲፐስ እንቆቅልሽ በምትጠይቀው አውሬ በስፊንክስ ፊት ቆሞ እንቆቅልሹን ሲፈታ በ1808 ሥሎ ነበር፤ ያ ሥዕል በሉቭር ይገኛል፣ ሌላ ቅጂው በለንደን ናሽናል ጋለሪ አለ። የኢንግር ኤዲፐስ እርቃኑን፣ እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ በልበ ሙሉነት ይናገራል። ቤከን አቋሙን እንዳለ ወሰደና ሦስት ነገር ለወጠ። ኤዲፐስን ነጭ የስፖርት ልብስ አለበሰው። የተሰቀለውን እግር በፋሻ ጠቅልሎ ደም አስነካው። ከበስተኋላ ባለው በር ደግሞ ኤሪንየስ አቆመ።

እግሩ ምክንያት አለው። ኤዲፐስ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ትንቢቱን ፈርተው ቁርጭምጭሚቱን ወግተው ጥለውታል። በኢንግር ሥዕል ቁስሉ አይታይም፤ ጀግናው ያሸነፈበት ሰዓት ነው። በቤከን ሥዕል ቁስሉ ከእንቆቅልሹ ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በሩ ላይ ያለው ፍጥረት ደግሞ አባቱን እንደገደለ ያውቃል። ድሉና ቅጣቱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ቆመዋል። ከአፈ ታሪክ ሥዕሎቹ ሁሉ ለጀማሪ ተመልካች የምንመክረው ይህንን ነው፤ የኢንግርን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የቤከንን አሠራር ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል። በሊዝበን የቤራርዶ ስብስብ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሪንየሶቹ የሚያሳድዱት ማንን ነው? ራሱን ሠዓሊውን ይሆን?

መልስ፦ ከ1971 በኋላ ለተሣሉት እንዲህ ብሎ ማንበብ ይቻላል። በዚያ ዓመት በፓሪስ ግራን ፓሌ የቤከን ታላቅ ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 24፣ ፍቅረኛውና የብዙ ሥዕሎቹ ሞዴል የነበረው ጆርጅ ዳየር በሆቴላቸው መታጠቢያ ቤት ሞቶ ተገኘ። ቤከን በቀጣዮቹ ዓመታት የዳየርን ሞት በተከታታይ ባለ ሦስት ክፍል ሥዕሎች ሣለው። የግንቦትና ሰኔ 1973ቱ በጣም ቀጥተኛው ነው፤ በሁለቱ ዳር ክፍሎች ዳየር በመጸዳጃ ላይና በመታጠቢያ ሳህን ላይ ተደፍቶ ይታያል። በመካከለኛው ከአምፖል ሥር ቆሟል፤ ከበሩ ወደ ወለሉ የሚፈሰው ጥቁር ጥላ ግን የሰው ቅርጽ የለውም። ክንፍ ያለው ነገር ነው። የብርሃኑን አቅጣጫ ብንከተል እንዲህ ያለ ጥላ ሊያርፍ አይችልም።

የ1944ቱን ግን በዚህ ማንበብ ስሕተት ነው። ያኔ ዳየርን አያውቀውም ነበር። አንድ ሰው አንድን ተውኔት አርባ ዓመት ይዞ ሲኖር፣ በየዘመኑ የደረሰበት ነገር ወደ ተውኔቱ ይገባል፤ ተውኔቱን ግን ያ ነገር አልወለደውም።

በ1981 ርእሱ ላይ የኤስኪለስን ስም በግልጽ ጽፎ የሣለው ባለ ሦስት ክፍል አለ። በግራው ክፍል የሌሊት ወፍ የመሰለ ፍጥረት ተንጠልጥሏል፤ ከተዘጋው በር ሥር ደም ይወጣል። መካከለኛው ላይ የአከርካሪ አጥንቱ የተገለጠ አካል ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተጎንብሷል። በቀኙ አንድ አካል በሩን እያለፈ ነው። አጋሜምኖን፣ ክሊተምኔስትራ፣ ኦሬስቴስ ብሎ መሰየም ያጓጓል፤ ቤከን ግን ስም አልሰጣቸውም፣ እኛም ባንሰጣቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ንድፍ አይሠራም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እሱ አልሠራም ይል ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ንድፎች ተገኙ። ቴት በ1998 በወረቀት ላይ የተሠሩ የተወሰኑትን ገዝቷል። ይበልጥ ይጠቀምበት የነበረው ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ማይብሪጅ የሰውን እንቅስቃሴ የቀረጸባቸው ተከታታይ ምስሎች፣ የራጅ አነሣሥ መማሪያ፣ የአፍ በሽታዎችን በቀለም የሚያሳይ የሕክምና መጽሐፍ። የኤሪንየሶቹ አፍ ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ወስዷል። ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ይረገጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ቀለም ይፈስባቸዋል፤ እጥፋቱ ራሱ ፊት ያጣምማል። አቧራውንም ይጠቀምበት ነበር፤ በ1945 በሣለው አንድ ሥዕል ላይ የሰውየው ልብስ ስስ ግራጫ ቀለም ላይ ከወለል የተነሣ አቧራ ተነስንሶበት የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የኦሬስቲያው ሥዕል በስንት ተሸጠ?

መልስ፦ የ1981ዱ ባለ ሦስት ክፍል በሰኔ 2020 በሶዘቢስ ጨረታ 84.6 ሚሊዮን ዶላር። በ2008 የተሸጠውና ከግሪክ አፈ ታሪክ ብዙ የወሰደው የ1976ቱ ባለ ሦስት ክፍል 86.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ከሁሉም ውዱ ግን ከአፈ ታሪክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሠዓሊውን ሉሲየን ፍሮይድን የሣለበት የ1969ኙ ሥዕል ሲሆን በ2013 በክሪስቲስ 142.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ጥያቄ፦ ከእሱ ሌላ አፈ ታሪክ የሚሥሉ ብሪታንያውያን ካሉ ብትጠቁሙኝ። በመጪው ወር ለንደን አንድ ቀን፣ ደብሊን አንድ ቀን አለኝ።

መልስ፦ ከቀደሙት ድሬፐር የኢካሩስን ሞት በ1898 ሥሏል፤ የቴት ንብረት ነው። ታሪኩን በውበት የሚተርክ ሥዕል ስለሆነ ከቤከን ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። ከቤከን በኋላ ከመጡት በማንቸስተር በ1968 የተወለደው ክሪስ ኦፊሊ አለ፤ በ2012 ናሽናል ጋለሪ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን ከሮማዊው ገጣሚ ከኦቪድ ታሪኮች የሣላቸውን ሥዕሎች መነሻ አድርገው አዲስ ሥራ እንዲያቀርቡ ከጋበዛቸው ሦስት አርቲስቶች አንዱ ነበር። የቲሺያን ዲያናና አክቴዎን በናሽናል ጋለሪና በስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪዎች በጋራ ስለተያዘ በየጊዜው ቦታ ይቀያየራል፤ ሳይጠይቁ አይሂዱ።

ለለንደኑ ቀን ቴት ብሪቴንን ይምረጡ። በቪክቶሪያ መስመር ፒምሊኮ ጣቢያ ወርደው በእግር ይደርሳሉ፤ ለቋሚ ስብስቡ መግቢያ አይከፈልም። የቤከን ሥዕሎች ለሌሎች ዐውደ ርእዮች ስለሚዋሱና ስለሚቀያየሩ የ1944ቱ በግድግዳ ላይ መሆኑን በሙዚየሙ ድረ ገጽ አስቀድመው ይመልከቱ። ደብሊን ቤከን የተወለደባት ከተማ ናት፤ ከ1961 ጀምሮ የሠራበት የለንደኑ የሪስ ሚውስ 7 ቁጥር ስቱዲዮም ዛሬ ያለው እዚያው ነው። ወራሹ በ1998 ለሂው ሌን ጋለሪ ሰጥቶት ከ7,000 በላይ ዕቃዎች አንድ በአንድ ተመዝግበው፣ ግድግዳውና በሩ ሳይቀር ተነቅለው ተወስደው፣ በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። በበሩና በግድግዳው ላይ ያለው የቀለም ክምር ቤከን ቀለም የሚያዋህድበት ፓሌት ነው። ሕንፃው ለእድሳት የሚዘጋበት ረጅም ጊዜ ስላለ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዝግ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ለንደን ያድርጉና ሁለተኛውን ለናሽናል ጋለሪው የኢንግር ኤዲፐስ ይስጡት።